የሟችን ጠባይ የሚመስል ዕቃ ስንት ያወጣል?

እሑድ ማታ ነው። ሰኞ የማስረክበው ጽሑፍ ግማሹ እንኳ አልደረሰም፤ እኔ ግን አልጋ ላይ ተጋድሜ ቲክቶክ ላይ ነኝ። ቴሌግራሜ ጮኸ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ሊንክ ብቻ። ስከፍተው የዕቃ መሸጫ ድረ ገጽ ነው። ከነሐስ፣ ከእብነ በረድ፣ ከእንጨትና ከሸክላ የተሠሩ፣ ክዳን ያላቸው የሚያማምሩ ዕቃዎች ተደርድረዋል።

«ሰማያዊዋ ታምራለች፤ ለሳሎን ነው?» ብዬ ጻፍኩላት።

ትንሽ ቆይታ በድምፅ መለሰችልኝ። «ሚጡዬ፣ የአበባ ማስቀመጫ እኮ አይደለም። የባሌ እናት አርፈዋል። አመዳቸው የሚቀመጥበት ነው።»

ተነሥቼ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው «አፈሩ ይቅለላቸው» የሚለው ነበር። ግን የትኛው አፈር? ዋጥ አደረግኩትና «ነፍስ ይማር፤ እግዜር ያጥናችሁ» አልኳት።

«አንቺ ኢኮኖሚክስ ተምረሽ የለ?» አለችኝ ቀጥላ። «ዋጋው ከ60 ዶላር ይጀምርና 3 ሺህ ድረስ ይሄዳል። ልጆቻቸው አራት ናቸው። አራቱም የየራሳቸውን ሊንክ ይልካሉ፤ ሁሉም ግን የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ‹እማዬን የሚመስል ይሁን።› ዕቃ ሰው ይመስላል እንዴ? ትልቁና ትንሿ ከትናንት ጀምሮ አይነጋገሩም። እስቲ እርጂኝ።»

እንግዲህ ያን ሌሊት የጀመርኩት የቤት ሥራ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። የጀመርኩት ዋጋ ለማወዳደር ነበር። የጨረስኩት ግን አባቴ መቃብር ላይ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው

እኛ ሀገር በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ የታወቀው ሥርዓት ቀብር ነው። ብዙዎቻችን አስከሬን ሲቃጠል ያየነው በሕንድ ፊልም ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ዛሬ ከ10 ሟቾች የ6ቱ ያህል አስከሬን ይቃጠላል። እንግሊዝ ውስጥ ወደ 8 ይጠጋል። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል። እዚያ ላገባ፣ እዚያ ለወለደ የኛ ሰው ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ አንድ ቀን የአማት፣ የጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ሐዘን ሆኖ በር ያንኳኳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስከሬኑ ከ760 እስከ 980 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ምድጃ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ገደማ ይቆያል። የሚተርፈው አጥንት ነው። ሲቀዘቅዝ እንደ ብሎን ያለ የሕክምና ብረት ካለ ይለቀምና ቀሪው በመፍጫ ይደቅቃል። ስለዚህ አመድ ይባል እንጂ እንደ ምድጃችን አመድ የሚበንን አይደለም። ነጣ ያለ፣ ግራጫማ፣ ሻካራ አሸዋ የሚመስል ነገር ነው። ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ነው።

ቤተሰብ ሌላ ዕቃ ካላቀረበ ይህ በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት፣ ከረጢቱ ደግሞ በተራ የፕላስቲክ ወይም የካርቶን ሳጥን ሆኖ ለቤተሰብ ይሰጣል። ሰው ከሰው እንዳይቀየር ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሮት የሚሄድ ቁጥር ያለው ትንሽ ብረትም አለው።

እዚህ ላይ ነው ለአክስቴ ልጅ የመጀመሪያውን ምክሬን የሰጠኋት። ያ ተራ ሳጥን ጊዜ አያልፍበትም። ለአንድ ሳምንት፣ ለአንድ ዓመት፣ ከፈለጉም ለዘለዓለም እዚያው ሊቆይ ይችላል። እስከ ዓርብ ወስኑ ያላቸው ሕግ የለም። ይህን ስነግራት በረዥሙ ተነፈሰች። «ታዲያ ለምንድን ነው እንዲህ የምንጣደፈው?»

የምትጣደፉትማ ሐዘን ላይ ስለሆናችሁ ነው።

ሐዘንተኛ ዋጋ አይከራከርም

ዩኒቨርሲቲ እያለን ፍላጎት ከዋጋ ጋር ያለውን ዝምድና ስንማር፣ ዋጋው ቢጨምርም ሰው መግዛቱን የማይተዋቸው ነገሮች ምሳሌ ጨውና መድኃኒት ነበሩ። መምህራችን የሬሳ ሳጥንን ቢጨምሩበት ኖሮ አንረሳውም ነበር። መርካቶ ገብቶ ለአንድ ጫማ ግማሽ ሰዓት የሚከራከር ሰው፣ የሬሳ ሳጥን ሊገዛ ሲሄድ «ስንት ነው?» ብሎ ከፍሎ ይወጣል። መከራከር ሟቹን ማራከስ ይመስለዋል።

በዚያ ላይ ገዢው ከዚህ በፊት ገዝቶ አያውቅም፤ ሻጩ ግን በየቀኑ ይሸጣል። አንዱ ሁሉን ያውቃል፤ ሌላው ምንም አያውቅም። በዚህ ላይ ጊዜ ማጣት፣ እንባና የዘመድ ዓይን ሲጨመሩ ገበያው ወዴት እንደሚያጋድል ግልጽ ነው።

አሜሪካኖች ይህን ከነቁበት ቆይተዋል። ጄሲካ ሚትፎርድ የምትባል ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሀገሪቱ የቀብር ንግድ ያወጣችው መጽሐፍ ብዙ ሰው አስቆጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የቀብር አገልግሎት ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። በደንቡ መሠረት የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ዋጋውን በስልክ ለጠየቀው ሁሉ መናገር አለበት። በአካል ለመጣ ሰው በዝርዝር የተጻፈ የዋጋ ዝርዝር ይሰጣል። ያለ ሥነ ሥርዓት በቀጥታ ለሚቃጠል አስከሬን የሬሳ ሳጥን ግዛ ብሎ ማስገደድ አይችልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአመድ ማስቀመጫውን ከሌላ ቦታ ገዝታችሁ ብትመጡ፣ ወይም ከቤት ይዛችሁ ብትመጡ፣ እምቢ ማለትም ሆነ ለዚያ ተጨማሪ ማስከፈል አይፈቀድለትም።

«ከቤት?» አለች የአክስቴ ልጅ።

«አዎ፣ ከቤት።»

ያኔ ሁለታችንም አላስተዋልነውም እንጂ መልሱ እዚያች ቃል ውስጥ ነበር።

ካታሎግ የሚያውቀው ትርፍ ጊዜያችንን ነው

አራቱ ልጆች የላኩትን ሊንክ አንድ በአንድ አየሁት። ትልቁ ወንድ ልጅ 1,900 ዶላር የሚያወጣ፣ ስም የሚቀረጽበት ከባድ ነሐስ መርጧል። ሴቷ ልጅ ቢራቢሮ የተሳለበት ሸክላ ላከች። ሦስተኛው ደግሞ እናቱ ቤዝቦል በቴሌቪዥን ማየት ስለሚወዱ የቤዝቦል ኳስ የሚመስል ላከ። የአክስቴ ልጅ ባል፣ የመጨረሻው ልጅ፣ ምንም አልላከም። ዝም ብሏል።

ድረ ገጾቹ ዕቃዎቹን የሚከፋፍሉት በሟቹ «ጠባይ» ነው። ዓሣ አጥማጅ፣ ጎልፍ ተጫዋች፣ ወታደር፣ የሞተር ብስክሌት ወዳጅ፣ የድመት እናት። የሞተር ብስክሌት የነዳጅ ታንከር የሚመስል አለ፤ የካውቦይ ቦት ጫማ የሚመስልም አለ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቆይቼ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እነዚህ ሁሉ ሰውየው ቅዳሜ ከሰዓት ምን ያደርግ እንደነበር ይነግሩናል። ሰው ሲጨነቅ ምን ይል ነበር? የተቸገረ ደጁ ሲመጣ በሩን እንዴት ይከፍት ነበር? ይህን የሚያውቅ ካታሎግ የለም። እሱን የሚያውቁት አብረውት የኖሩት ናቸው።

በዓለም ላይ የሚነገርላቸውን የአመድ ማስቀመጫዎች ሳነብ ይህ ይበልጥ ግልጽ ሆነልኝ።

ፍሬድሪክ ባውር የሚባል አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሰው ነበር። ፕሪንግልስ የሚባለውን የድንች ጥብስ ታውቁታላችሁ፤ ሱፐርማርኬት ውስጥ እንደ ቱቦ ረዘም ያለው። ያን ቆርቆሮ የፈጠረው እሱ ነው። በሥራው በጣም ይኮራ ስለነበር ሲሞት እዚያ ውስጥ እንዲቀብሩት ለልጆቹ ነገራቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 በ89 ዓመቱ ሲያርፍ ልጆቹ ወደ ቀብር አስፈጻሚው ሲሄዱ መንገድ ላይ ሱቅ ጎራ ብለው አንድ ፕሪንግልስ ገዙ። የትኛው ጣዕም ይሁን በሚለው ላይ ትንሽ ተከራክረው የመጀመሪያውን፣ ኦሪጅናሉን መረጡ። ከአመዱ ከፊሉ በዚያ ቆርቆሮ ሆኖ ተቀበረ። ዋጋውን እናንተ ገምቱት።

የስታር ዎርስ ተዋናይቷ ኬሪ ፊሸር ደግሞ አለች። ስለ አእምሮ ሕመሟ በአደባባይ፣ ያውም እየቀለደች፣ ትናገርና ትጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ስታርፍ አመዷ የተቀመጠው ፕሮዛክ የሚባለውን የድባቴ መድኃኒት ክኒን በሚመስል ትልቅ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ነው። ዕቃው ቤቷ የነበረ፣ የምትወደው የራሷ ንብረት እንደሆነ ወንድሟ ተናግሯል። ለማያውቃት ሰው ቀልድ ነው፤ ለሚያውቃት ግን ዕድሜዋን ሙሉ የታገለችው ነገርና የታገለችበት ሳቅ አንድ ላይ ናቸው።

የሥነ ልቦናው ሊቅ ሲግመንድ ፍሮይድም እ.ኤ.አ. በ1939 ለንደን ሲሞት አመዱ የገባው ራሱ ከሰበሰባቸው ጥንታዊ ዕቃዎች በአንዱ፣ ከ2 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው የግሪክ ማሰሮ ውስጥ ነው። ማሰሮውን በስጦታ የሰጠችው ወዳጁ ልዕልት ማሪ ቦናፓርት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ላይ ሌቦች ሊሰርቁት ሞክረው ሰባብረውታል። ከዚህ የምንማረው ካለ፣ ውድ ዕቃ ለሟች ሰላም እንደማይሰጠው ነው።

እኔን ግን ከሁሉ የነካኝ ክላይድ ቶምባው ነው። የካንሳስ ገበሬ ልጅ፣ ዲግሪ ያልነበረው፣ በ24 ዓመቱ፣ ማለትም በኛ ዕድሜ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 ፕሉቶን ያገኘ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 አረፈ። ከ9 ዓመት በኋላ ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው መንኮራኩር ወደ ፕሉቶ ስትላክ ከአመዱ ጥቂቱን በትንሽ የአሉሚኒየም ዕቃ አድርገው አብረው ላኩት። መንኮራኩሯ ሐምሌ 2015 በፕሉቶ አጠገብ አለፈች። ዕድሜውን ሙሉ በመስታወት ሲያያት የኖረችው ነጥብ ደጃፍ ደረሰ ማለት ነው።

አራቱንም ብታዩአቸው ዕቃዎቹ ከካታሎግ አልመጡም። ከሰዎቹ ሕይወት ነው የመጡት። አንዱ ከሥራ ቦታው፣ ሌላዋ ከመደርደሪያዋ፣ አንዱ ከወዳጅ ስጦታ።

ዕቃው አንድ ዓይነት ከሆነስ?

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ሁሉም ሰው በተመሳሳይ ዕቃ የሚቀመጥበት ሀገር ቢኖርስ? አለ፤ ጃፓን። እዚያ የተለመደው ማስቀመጫ ተራ ነጭ የሸክላ ዕቃ ነው። ጠባይን የሚያሳየው ነገር ሌላ ነው። አጥንቱ ሳይፈጭ ቤተሰቡ ዙሪያውን ይቆምና በረዣዥም የመመገቢያ እንጨቶች እየለቀመ ራሱ ወደ ዕቃው ያስገባዋል። የሚጀምሩት ከእግር ነው፤ የሚጨርሱት በራስ ቅል። ለምን? ሟቹ ዕቃው ውስጥ እንዳይዘቀዘቅ፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆም። ቶኪዮ አካባቢ አጥንቱ በሙሉ ስለሚሰበሰብ ማስቀመጫው ተለቅ ይላል፤ ኦሳካ አካባቢ ከፊሉ ብቻ ስለሚወሰድ ያንሳል።

ዕቃው አንድ ዓይነት ነው፤ እጁ ግን የልጅ እጅ ነው። ለካ ሰውን ማክበር በሁለቱም መንገድ ይቻላል።

እኛስ? ብዬ ሳስብ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። የኮንሶ ሰዎች ለጀግኖቻቸውና ለታላላቆቻቸው ከእንጨት የሚቀርጹት ዋካ አለ። ሰውየው መሐል ይቆማል፤ ሚስቶቹ በጎኑ፣ የጣላቸው ጠላቶች ወይም የገደለው አውሬ አጠገቡ ይቀረጻሉ። ያላወቀው መንገደኛ እንኳ ሐውልቶቹን አይቶ ማን እንደነበር ያነበዋል። የጢያ ትክል ድንጋዮች ላይም ጎራዴዎች ተቀርጸዋል። «ይህ ሰው እንዲህ ነበር» ብሎ በዕቃ መናገር ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። እኛ ከተሜዎቹ ነን የረሳነው።

የማይታወቅ ኮት

አሁን የራሴን ልንገራችሁ።

አባቴ ያረፈ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ሐውልቱን ያሠሩት አጎቶቼ ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ገንዘብም አዋጥተዋል፣ ደክመዋልም። ሠሪው ፎቶ አምጡ አለ። ቤት ውስጥ ያለው ጉርድ ፎቶ ለመታወቂያ የተነሣው አንድ ብቻ ነበር። ፎቶ ቤት ወሰዱትና አሳምሩልን አሉ። ፎቶ ቤቱም አሳመረው፤ በኮምፒውተር ጥቁር ኮትና ቀይ ክራቫት አለበሰው።

አባቴ ኮት አልነበረውም። ለሠርግም በሹራብ ነው የሚሄደው። ሰፈር ውስጥ የተበላሸ ሬዲዮ፣ ካውያ፣ ምጣድ ሁሉ እኛ ቤት ነበር የሚመጣው። ሠርቶ ይመልሳል። ስንት ነው ሲሉት «ሌላ ሲበላሽ አምጪው» ይላል። እናቴ በዚህ ስትናደድ ነው የኖረችው። እዚያ ድንጋይ ላይ ግን አንድ ኮስታራ ባለ ኮት ሰውዬ አለ። ከሥሩ «ተወለዱ፣ ኖሩ፣ ባደረባቸው ሕመም አረፉ» የሚል፣ ከጎኑ ባለው መቃብር ላይ ያለው ጽሑፍ ራሱ ነው፤ ስሙና ቀኑ ብቻ ተቀይሯል።

ለሙት ዓመቱ ስንሄድ ታናሽ ወንድሜ ፎቶውን አይቶ «ይህ ሰውዬ ማነው?» ብሎ ቀለደ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ማታ አለቀስኩ።

አጎቶቼን አልወቅስም። በሦስት ቀን ውስጥ፣ ንፍሮ እየተበላ፣ ድንኳን ሳይነሳ የተወሰነ ውሳኔ ነው። ማንም እኛን ልጆቹን «አባታችሁ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ አልጠየቀንም። እኛም አንድም ቀን እሱን አልጠየቅነውም።

ይህን ለአክስቴ ልጅ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ «እሺ፣ እኔ እጠይቃለሁ» አለች።

ብስኩት ማስቀመጫው

ባሏን ጠየቀችው። «ስለ እናትህ መጀመሪያ የሚመጣብህ ምንድን ነው?» አላመነታም። «ወጥ ቤት ያለው የብስኩት ማስቀመጫ» አላት።

እሷም ወዲያው ትዝ አላት። አሜሪካ በገባች በአራተኛ ወሯ፣ እንግሊዝኛዋ ገና እየተኮላተፈ፣ መጀመሪያ ጊዜ የወደፊት አማቷ ቤት ስትሄድ እጇን የት እንደምታደርገው ጨንቋት ነበር። ሴትዮዋ ብዙ አላወሩም። ክዳን ያለውን ያን ቢጫ የሸክላ ዕቃ ከመደርደሪያው አነሡና ፊቷ አስቀመጡት። «እዚህ ቤት ማንም አያስፈቅድም» አሏት። የልጅ ልጆች፣ የጎረቤት ልጆች፣ ፖስታ የሚያመጣው ሰውዬ ሳይቀር እጁን ይሰድ ነበር።

እሳቸው ግን አይበሉም። ስኳር ነበረባቸው። ለ20 ዓመት በየሳምንቱ ብስኩት ጋግረዋል፤ አንድም ቀን አልቀመሱም።

ይህን ስሰማ ስለ ካታሎጉ የከነከነኝ ነገር ተፈታልኝ። ቤዝቦሉ የሚወዱት ነገር ነበር። ብስኩቱ ግን የሚሰጡት ነበር። ሰውን ለመምሰል የሚቀርበው የቱ ይመስላችኋል?

ነገሩ ለልጆቹ ሲቀርብ በቀላሉ አላለፈም። ትልቁ ልጅ «እናቴን ብስኩት ውስጥ?» ብሎ ተቆጣ። እህቱ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች። የአክስቴ ልጅ ምራት ስለሆነች «እኔ ምን አገባኝ» ብላ ልትተወው ነበር። ጉዳዩን የቋጩት አማቷ ባል፣ የ82 ዓመቱ ሽማግሌ ናቸው። «ያ ዕቃ ከቦታው ከተነሳ ወጥ ቤቱ ባዶ ይሆንብኛል። እሷ እዚያው ትሁን» አሉ።

ቀሪው ሒሳብ ነበር፤ እዚህ ላይ እኔም ጠቀምኩ። ደንቡ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 36 ሚሊ ሊትር ገደማ ቦታ ያስፈልጋል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 2.5 ሊትር ገደማ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለአዋቂ የሚሸጠው መደበኛ ዕቃ 200 ኪዩቢክ ኢንች የሚይዘውም ለዚህ ነው፤ 3.3 ሊትር ገደማ ይሆናል። አማቷ 60 ኪሎ ገደማ ስለነበሩ 2.2 ሊትር ይበቃል። ብስኩት ማስቀመጫው ስንት እንደሚይዝ ማን ያውቃል? ሩዝ ሞልታበት ሩዙን በሊትር መስፈሪያ ለካችው። 3 ሊትር። ሩዙን መልሳ ወደ ከረጢቱ ስትገለብጥ ከሥር የደረቀ የብስኩት ፍርፋሪ አገኘች። አላጠበችውም።

እናንተም ላይ ከደረሰ

ውጭ ሀገር ላላችሁ፣ ወይም ዘመዳችሁ ነገ ሊንክ ለሚልክላችሁ፣ ከዚህ ሁሉ የተማርኩትን ላሳጥረው።

መጀመሪያ ሃይማኖቱን ጠይቁ። ለምሳሌ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ አስከሬን ማቃጠልን ትፈቅዳለች፤ አመዱ ግን በተቀደሰ ቦታ እንዲያርፍ እንጂ እንዲበተን አትፈልግም። ሟቹ ካቶሊክ ከሆነ የወጥ ቤት መደርደሪያ ነገር ከመነሣቱ በፊት ቄሱን ማነጋገር ነው።

ቀጥሎ ማረፊያውን ወስኑ፣ ከዚያ ዕቃውን። የሚቀበር ከሆነ፣ ግድግዳ ውስጥ ባለ መደርደሪያ የሚገባ ከሆነ፣ ወይም ቤት የሚቀመጥ ከሆነ የሚያስፈልገው ይለያያል። የግድግዳ መደርደሪያ ልክ አለው፤ እኛ ሀገር ፉካ እንደምንለው ጠበብ ያለ ነው። ዕቃውን ገዝቶ አልገባም ብሎ መመለስ በሐዘን ላይ ሌላ ሐዘን ነው።

በአውሮፕላን የሚሄድ ከሆነ ወፍራም ብረት አትምረጡ። የአሜሪካ ኤርፖርት ፍተሻ ዕቃውን በራጅ ማየት አለበት፤ ማየት ካልቻለ አያሳልፍም። ቤተሰቡ ክፈቱት ብሎ ቢለምን እንኳ ፈታሾቹ ለሟቹ ክብር ሲሉ አይከፍቱም። እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይሻላል።

ካልተስማማችሁ ማካፈል ይቻላል። ትልቁ ልጅ በመጨረሻ የተስማማው በዚህ ነው። በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ የእንጨት ሳጥን ተገዛችለትና ከአመዱ ጥቂት ይዞ ወደሚኖርበት ስቴት በረረ። ዋጋዋ 45 ዶላር ነው። ከ1,900 ዶላሩ የተረፈው ለልጅ ልጆች ትምህርት ይቀመጥ ያለውም እሱ ራሱ ነው።

የመጨረሻውና ዋናው፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ ጠይቁት። አውቃለሁ፣ እኛ ጋ ይህ ያሟርታል ይባላል። እናቴን «ስትሞቺ ምን ዓይነት ሐውልት ትፈልጊያለሽ?» ብላት ነጠላዋን ጥላ ነው የምትሄደው። ግን በቀጥታ መጠየቅ ግድ አይደለም። «ከዕቃዎችሽ ሁሉ እንዳይጠፋብሽ የምትፈልጊው የቱ ነው?» ብላችሁ ጀምሩ። ወሬው ራሱ ይወስዳችኋል። ስልካችሁ ደግሞ ለቲክቶክ ብቻ አይደለም፤ እየሳቁ፣ እየሠሩ፣ ሹራባቸውን እንደለበሱ ፎቶ አንሷቸው። ያ ፎቶ አንድ ቀን ያስፈልጋችኋል። ያን ቀን ፎቶ ቤት ኮት አያለብሳቸውም።

ካቻቪቴው

ባለፈው ቅዳሜ ቡና እየተፈላ እናቴን ዞር ብዬ ጠየቅኳት። «እማዬ፣ አባዬን የሚመስለው የትኛው ዕቃው ነው?»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ሲኒዋን አስቀመጠችና ወደ መኝታ ቤት ገባች። ቁም ሳጥኑ ሲንቋቋ ሰማሁ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች። ካቻቪቴው ነው። እጀታው ላይ የተጠመጠመው ጥቁር ፕላስተር አውራ ጣቱ የምታርፍበት ቦታ ላይ ተበልቷል።

«ይህን ነው» አለች። «ስንቱን በነፃ የሠራበት።» ድምጿ ውስጥ የድሮው ንዴት ነበረበት። ደግሞ ሌላም ነገር።

ሐውልት ሠሪውን ሰኞ ላናግረው ነው። ድንጋዩን አንቀይርም፤ አጎቶቼ ያዋጡበት ነው። ኮቱም ይቆይ፣ ለምደነዋል። ከጽሑፉ ሥር ግን አንዲት ትንሽ ካቻቪቴ እንዲቀርጽልኝ እፈልጋለሁ። ስንት እንደሚያስከፍለኝ ገና አልጠየቅኩትም። ስጠይቀው ግን፣ አባቴ ይሙት፣ እከራከረዋለሁ።